ዶሮዎቼ ቆጥ ትተው እንቁላል መጣያ ሳጥን ውስጥ ያድራሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓሮው ውስጥ ጥቂት ዶሮ የሚያረባ ሰው ውሎ አድሮ ይህ ነገር ይገጥመዋል። ቤቱ ተሠርቷል፣ ቆጡ ተገጥሟል፣ እንቁላል መጣያ ሳጥኑም ጭድ ተነጥፎለታል። ማታ በባትሪ ሲታይ ግን ቆጡ ባዶ ነው። ዶሮዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ተደራርበው ተኝተዋል። ጠዋት የሚለቀመው እንቁላልም ኩስ የተለቀለቀ ነው።

ዶሮዎቹ እልኸኛ ሆነው አይደለም። ወይ ቆጥ ምን እንደሆነ ያሳያቸው የለም፣ ወይ የተሠራላቸው ቆጥ አይመቻቸውም። ሁለቱም በትዕግሥት ይስተካከላሉ። እዚህ ያሉት መልሶች በጓሮ ለሚረቡ፣ ከሦስት እስከ ሠላሳ ለሚሆኑ ዶሮዎች የታሰቡ ናቸው።

ሳጥን ውስጥ ቢያድሩ ምን ችግር አለው? ሞቋቸው ተኝተው የለ?

ችግሩ ኩሱ ነው። ዶሮ ተኝታም ኩስ ትጥላለች፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። ቆጥ ላይ ካደረች ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እሷም ንጹሕ ሆና ታድራለች። ሳጥን ውስጥ ካደረች ግን ጠዋት እንቁላል የሚጣልበት ጭድ ላይ ተከማችቶ ይነጋል።

የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ይመስላል እንጂ በሺዎች የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ሲጣል ስስ መከላከያ ልባስ ይዞ ይወጣል። ልባሱ ሳይደርቅ እርጥብ ኩስ ላይ ካረፈ ጀርም በቀላሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እንዲህ ያለ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል፣ ለማስፈልፈልም አይሆንም። በተለይ በዐቢይ ጾም ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። በ55ቱ ቀን ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ሰው እንቁላሉን አጠራቅሞ ለፋሲካ ማውጣት ይፈልጋል። ንጹሕ ሆኖ የተለቀመና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ እንቁላል ሳምንታት ይቆያል። የተለቀለቀው ግን ማንም ሳያውቅ ውስጥ ውስጡን ይበላሻል።

ሌላም አለ። ሳጥን ውስጥ ሲጨናነቁ እንቁላል ይሰበራል። የተሰበረውን የቀመሰች ዶሮ ደግሞ እንቁላል መብላት ትለምዳለች፤ ይህን አመል ማስተው ከባድ ነው።

ታዲያ ለምን ቆጡን ይተዉታል? ዶሮ በተፈጥሮዋ ከፍታ አትወድም እንዴ?

ትወዳለች። የዶሮ የዘር ምንጭ የእስያው ቀይ የጫካ ዶሮ ነው፤ እሱ እስከ ዛሬም ማታ ዛፍ ላይ ነው የሚያድረው። የእኛም የሐበሻ ዶሮ ካልተዘጋባት ዛፍ ላይ ወይም ማድ ቤት ውስጥ እንጨት ላይ ትወጣለች። ጫጩቶቿም እናታቸውን ተከትለው ይለምዳሉ።

ዛሬ በብዛት የምንገዛቸው ቄቦች ግን እናት አልነበራቸውም። በማሽን ተፈልፍለው፣ በአምፖል ወይም በሀይ ቦክስ (ጭድ ተጠቅጥቆበት ሙቀት በሚይዝ የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን) ሙቀት፣ ሰጋቱራ ላይ አድገው ነው በ45 ቀን ወይም በሁለት ወር እጃችን የሚገቡት። በዚያ ዕድሜ ቆጥ ያላየች ጫጩት ካደገች በኋላ ለመልመድ ትቸገራለች። ወደ አዲስ ቤት ስትገባ ደግሞ ትፈራለች። የፈራች ዶሮ ጨለም ያለና የተከለለ ጥግ ትፈልጋለች። ሳጥኑ ደግሞ ለእንቁላል ብለን ሆን ብለን ጨለማና የተከለለ አድርገን የሠራነው ነው።

የቀረው የአሠራር ስህተት ነው። ከሁሉ የሚበዛው ሳጥኑን ከቆጡ እኩል ወይም ከዚያ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ዶሮ ማታ ቤቱ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ከፍ ያለውን ነው የምትመርጠው። ሳጥኑ ከፍ ካለ ሳጥኑ ነው ቆጧ። ይህ ሳይስተካከል ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

ጥሩ ቆጥ ምን ዓይነት ነው?

እንጨት መሆን አለበት። የብረት ቱቦ ያንሸራትታል፣ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ልጡ የተላጠ የባህር ዛፍ አጣና፣ ጉጡ በደንብ ከተስተካከለ፣ ርካሽና ጥሩ ነው። ሞራሌ ካላችሁ ሰፊውን ገጽ ወደ ላይ አድርጉና ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በጣም ቀጭን ከሆነ ሚዛኗን መጠበቅ ያቅታታል፣ የደረት አጥንቷንም ይጎዳል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ቦታ ሰፋ ያለው ይመረጣል፤ ጣቶቿን በላባዋ ሸፍና መተኛት ትችላለችና።

እንጨቱ መወዛወዝ የለበትም። ስትወጣበት የተነቃነቀ ቆጥ ላይ ዶሮ ዳግም አትወጣም። ይህ በጣም ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። ገጥማችሁ ስትጨርሱ በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት።

ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቦታ አስቡ። ለአሥር ዶሮ ከሁለት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ማለት ነው። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ አለዚያ ጅራቷን ይነካባታል። ሁለት ሦስት እንጨት ከሆነ በመካከላቸውም እንዲሁ 30 ያህል ተዉ። አንዱን ከሌላው በላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትደርድሩ፤ የላይኞቹ የታችኞቹ ላይ ይኩሳሉ። እንደ መሰላል ወደ ኋላ እያጋደለ ይውጣ።

ከፍታው እንደ ዝርያው ነው። ለሐበሻ፣ ለፋዮሚና ለቦቫንስ ብራውን ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ይሆናል። ለከባዶቹ፣ ለምሳሌ ለሳሶ፣ 40 ወይም 50 ይበቃል። ዋናው የትኛውም ቢሆን ከሳጥኑ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ ነው። ለሳሶ ቆጡ ዝቅ ስለሚል ሳጥኑን ወለሉ አጠገብ አድርጉት።

ንፋስ ፊት ለፊት የሚመታበት ቦታም አይሁን። አየር መውጫው ቆጡ ላይ ከተቀመጡት ዶሮዎች ጭንቅላት በላይ ከጣሪያው ሥር ቢሆን የኩሱ ሽታ ይወጣል፣ እነሱም አይበርዳቸውም። ከቆጡ ሥር መኖና ውሃ አታስቀምጡ።

ሳጥኑስ ምን ይመስላል?

ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል። ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ጣሪያውን ማዘንበል አትርሱ፤ ዝርግ ከሆነ እላዩ ላይ ያድራሉ።

እሺ፣ ሁሉም ተስተካክሏል። አሁን እንዴት ላስተምራቸው?

በየማታው ተመሳሳይ ነገር በማድረግ። እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ የሰዓት ልማዳችሁን በየወቅቱ መቀየር አያስፈልግም።

አብዛኞቹ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉት ከማለዳ እስከ ቀትር ነው። ጥቂቶች እስከ 9 ሰዓት ይዘገያሉ። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ እንቁላሉን ልቀሙና የሳጥኑን በር ዝጉ። ጣውላ፣ ካርቶን፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የተገኘው ይሆናል፤ ግን ጠበቅ ይበል። ገፍታ መግባት የቻለች አንዲት ዶሮ ሌሎቹን ታስከትላለች።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤት መግባት ይጀምራሉ። ቆማችሁ ተመልከቱ። ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚባረር፣ ማን የተዘጋው ሳጥን ፊት ለፊት እንደሚቆም ታያላችሁ። አትጩሁ፣ አታባርሩ። ማንም ካልወጣ ትንሽ ስንዴ ወይም የተከካ በቆሎ ዝቅተኛው እንጨት አጠገብ በትኑ።

ዋናው ሥራ ያለው 1 ሰዓት ላይ ነው፤ በደንብ ከጨለመ በኋላ። ዶሮ በጨለማ ማየት ይከብዳታል፣ ባስቀመጧት ቦታም ትቆያለች። ደካማ ብርሃን ያለው ባትሪ ይዛችሁ ግቡ፤ ቀይ ፕላስቲክ ብታለብሱት ደግሞ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ወይም ጥግ ላይ የተኛችውን ክንፎቿን በሁለት እጅ ገጥማችሁ አንሱ። ደረቷን ወደ እንጨቱ አቅርቡ። እግሯ እንጨቱን ሲነካ ራሷ ትረግጠዋለች። በጣቶቿ መያዟን እስክታረጋግጡ አትልቀቋት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ቀድማችሁ የምታወጡት የቤቱን አለቃ ይሁን። አውራ ዶሮ ካለ እሱን፣ ከሌለ መኖ ላይ ሁሉም መንገድ የሚለቁላትን እንስት። ሌሎቹ አለቃቸው ያለበትን ይከተላሉ። ፈሪዎቹን እርስ በርስ አጠጋግታችሁ አስቀምጡ።

ሁሉም ከሰፈሩ በኋላ፣ ተኝተዋል ብላችሁ ስታምኑ፣ የሳጥኑን በር ክፈቱ። ይህን መርሳት ጉዳት አለው። ማለዳ እንቁላል የመጣባት ዶሮ ሳጥኑን ዝግ ካገኘችው ጥግ ላይ ትጥላለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጣለች ደግሞ ያንን ትለምዳለች። ከዚያ ሌላ ችግር ገዛችሁ ማለት ነው።

ማታ ስይዛት ትጮሃለች፣ ሌሎቹንም ትረብሻለች። ልተዋት?

አትተዋት፤ ትንሽ አምሽታችሁ ግቡ። ገና ድንግዝግዝ እያለ ከነካችኋት ታይታችሁ ነው፤ ትሮጣለች፣ ተመልሳም ትወርዳለች። ሲጨልም ግን ሰውነቷ ይለሰልሳል። እግሯን ይዛችሁ ቁልቁል አታንጠልጥሏት። ይህ ገበያ ላይ የተለመደ አያያዝ ነው፤ ዶሮዋን ግን ያስጨንቃታል፣ እናንተንም እንድትፈራ ያደርጋታል። ለማስተማር የምትፈራችሁ ዶሮ አትጠቅምም።

ስንት ቀን ይፈጃል?

ወጣት ቄቦች ብዙ ጊዜ በአንድ ሳምንት ይለምዳሉ። ወራት ሳጥን ውስጥ ያደሩ እናት ዶሮዎች ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። በመካከል አንድ ማታ መዝለል ወደ ኋላ ይመልሳል። ስለዚህ እንግዳ ያለባችሁ ወይም መንገድ የምትወጡበት ሳምንት አትጀምሩ።

ሁሉም በራሳቸው መስፈር ከጀመሩ በኋላም የሳጥኑን መዝጋት ለአንድ ሳምንት ቀጥሉ።

ሁሉም ወጥተዋል፣ አንዷ ብቻ እምቢ ብላለች።

አንዷ ብቻ ስትሆን ምክንያቷ የራሷ ነው። መጀመሪያ ጤናዋን እዩ። የታመመች ዶሮ ተደብቃ መተኛት ትወዳለች። ላባዋ ቆሟል? ዓይኗን ትጨፍናለች? መኖ ቀንሳለች? ኩሷ ውሃ ወይም አረንጓዴ ነው? እንዲህ ከሆነ ለብቻ አግልሏትና የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ፈንግል የመሰለ በሽታ ሌሎቹ ላይ እስኪታይ መጠበቅ አያዋጣም።

ጤነኛ ከሆነች እግሯን ገልብጣችሁ መዳፏን ተመልከቱ። እብጠት ወይም መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካለ መዝለል ያማታል። ያም ካልሆነ ምናልባት ትባረራለች። በዶሮዎች መካከል የታወቀ ደረጃ አለ። የታችኛዋ ቆጥ ላይ ስትወጣ በመንቆር ትመታለች፣ ትወርዳለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ትሸሸጋለች። ለእሷ ሲባል ቆጡን አስረዝሙ፤ ወይም በሌላ ግድግዳ በኩል በተመሳሳይ ከፍታ ሁለተኛ እንጨት ግጠሙ። ከፍታው እኩል ሲሆን ጠቡ ይቀንሳል፤ የሚጣሉት ለላይኛው ቦታ ነውና።

ቀንም ማታም ከሳጥኑ አትወጣም፣ ስነካት ትነፋፋለች። ይህስ?

ይህች ለመታቀፍ የተቀመጠች ናት። ላባዋን ትነፋለች፣ ታጉረመርማለች፣ የደረት ላባዋን ትነጫለች፣ ለመብላት በቀን አንድ ጊዜ ወጥታ ትመለሳለች። የሐበሻ ዶሮ ላይ በጣም የተለመደ ነው። ቦቫንስን በመሳሰሉ ለእንቁላል የተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ ግን ብዙም አይታይም።

ጫጩት ከፈለጋችሁና አውራ ካላችሁ መልካም አጋጣሚ ነው። ለብቻዋ ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጁላትና 21 ቀኗን ታቀፍ። ካልፈለጋችሁ ቆጥ ላይ ማውጣቱ ብቻ አያስተዋትም፤ ትመለሳለች። ወለሉ ሽቦ የሆነና ከመሬት ከፍ ያለ ሳጥን ወይም ጎጆ ውስጥ፣ ጭድ ሳይኖር፣ መኖና ውሃ ሰጥታችሁ ጥቂት ቀናት አቆዩአት። ከሥሯ አየር ሲገባ ሆዷ ይቀዘቅዛል፣ ስሜቱም ይለቃታል።

በየሰፈሩ ቁልቁል መስቀል፣ አፍንጫዋን በላባ መብሳት፣ ውሃ ውስጥ መንከር የሚባሉ ልማዶች አሉ። እባካችሁ ይቅሩ። ያሠቃያሉ፣ ከሽቦው ወለል የተሻለ ውጤትም የላቸውም።

ድሮ ቆጥ ላይ ነበር የሚያድሩት። በድንገት ተዉ። ምን ሆኑ?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ተባይ ነው። ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ቀይ ተባዮችና የዶሮ መዥገር ቀን ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ። ሌሊት ወጥተው ዶሮዎቹን ይበላሉ። ቀን ዶሮዋን ብትፈትሹ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ ሌሊት ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ የእንጨቱን የታችኛ ገጽና መጋጠሚያውን ጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ነጠብጣብ ከታየ ምክንያቱን አግኝታችኋል።

ዶሮዎቹ ልክ ናቸው፤ ማንም ተባይ ያለበት አልጋ ላይ አይተኛም። ቆጡን ንቀሉ፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ስንጥቁን ድፈኑ። ግድግዳውን ኖራ ቀቡት። ጭዱን በሙሉ አውጥታችሁ አቃጥሉ። ለዶሮዎቹ የሚረጭ መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ በፍጹም አትርጩ። አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ጉድጓድ ካዘጋጃችሁላቸው ራሳቸውን እየታጠቡ ተባይ ይከላከላሉ።

ተባይ ከሌለ ሌሊት አስደንጋጭ ነገር መጥቶ ይሆናል። ሸለመጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል። አይጥም የዶሮ እግር ይነክሳል። የተነቀለ ሽቦ፣ የተቆፈረ ጥግ፣ የተበተነ ላባ ፈልጉ። ከመድፈናችሁ በፊት ማስተማሩን አትቀጥሉ።

መብራት ለተጨማሪ ሰዓት አበራላቸዋለሁ። ይህ ይነካዋል?

በጣም። እንቁላል እንዲጨምር ሲባል ማታ አምፖል በርቶ ይቆይና ድንገት ይጠፋል። ዶሮዎቹ መሬት ላይ እየጫሩ ሳሉ ይጨልምባቸዋል፤ ከዚያ ወደ ቆጡ መሄጃውን አያዩም። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። ተጨማሪውን ብርሃን ንጋት ላይ አድርጉት፤ ለምሳሌ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስኪነጋ። ማታው በተፈጥሮው ቀስ እያለ ይጨልም።

የእኔ ሳሶዎች ከባድ ናቸው። መሬት ላይ ቢያድሩስ?

ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ በደንብ ከተነጠፈ፣ ቤቱም አይጥና ሸለመጥማጥ የማያስገባ ከሆነ ያን ያህል ችግር የለውም። በእኔ እምነት የወፈረችን ዶሮ በየቀኑ ከአንድ ሜትር ላይ ከማስዘለል መሬት ማደሯ ይሻላል። ሳጥኑን ግን እነሱም ላይ ዝጉ። ዝቅ ያለ ቆጥና ሰፊ መወጣጫ ጣውላ ካዘጋጃችሁ ብዙዎቹ ይወጣሉ።

በተቃራኒው የእኔ ዛፍ ላይ ነው የሚያድሩት።

ለሦስት አራት ቀን ከቤቱ ሳታስወጡ እዚያው መግቧቸው። ከዚያ በኋላ የቀኑን የመጨረሻ መኖ 11 ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ስጡ።

ቆሻሻ እንቁላል ቢታጠብ አይበቃም?

ትንሽ የነካው ከሆነ በደረቅ ሻካራ ጨርቅ ጥረጉት። መታጠብ ልባሱን ያነሳል። የግድ ከሆነ ከእንቁላሉ ሞቅ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ እንቁላል ውስጡ ሲኮማተር ቆሻሻውን በቀዳዳዎቹ ስቦ ያስገባል። የታጠበውን ለብቻ አስቀምጡ፣ ቀድማችሁም ተጠቀሙበት።

አዳዲስ ጫጩቶች ልገዛ ነው። ይህ ችግር እንዳይደርስብኝ ምን ላድርግ?

ገና በሦስተኛ አራተኛ ሳምንታቸው ከመሬት 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቀጭን እንጨት አስቀምጡላቸው። ይጫወቱበታል፣ ቀስ በቀስም ይተኙበታል። እያደጉ ሲሄዱ እንጨቱን ከፍ አድርጉ። እንቁላል መጣያ ሳጥኑን ደግሞ እስከሚያስፈልግ ድረስ ዝግ አድርጉት። የውጭ ዝርያ ቄቦች ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ መጣል ይጀምራሉ፤ የሐበሻዎቹ ከዚያ ይዘገያሉ። የጉትያቸው ቀለም ሲቀላና ስትጠጓቸው ዝቅ ብለው መቀመጥ ሲጀምሩ ጊዜው ደርሷል፤ ያኔ ሳጥኑን ከፍታችሁ ጭድ አንጥፉበት።